ደረቅ ማህተም

የትምህርት ቤቱን ሬጅስትራር የገደላት ሰው አንዴ መትቶ አልበቃውም። ኢንስፔክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ቆጠረ፤ ራሷ ላይ ሦስት፣ ግራ እጇ ላይ ሁለት። ፊቷን ልትከልል እጇን ስታነሳ ጣቶቿ ተሰባብረዋል። ደሙ ከወንበሯ ወደ ካቢኔቱ፣ ከካቢኔቱ ወደ በሩ የሄደችበትን መንገድ ይናገራል፤ በጉልበቷ ስትድህ ገዳዩ ከኋላ ተከትሎ ጨርሷታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሬሳ ያየ ሰው ይለምደዋል የሚሉ አሉ። ውሸታቸውን ነው። ኢንስፔክተሩ በሃያ ስድስት ዓመት የተማረው ፊቱ እንዳይናገርበት ማድረግን ብቻ ነው።

“አለቃ፣ ጠረጴዛውን ይዩት” አለች ሳጅኗ።

ስቴፕለሩ፣ የቀን መቁጠሪያው፣ ግማሽ የተጠጣው ሻይ፣ ሁሉም ደም ተረጭቶባቸዋል። ከመሀላቸው አንድ ዕቃ ብቻ ንጹህ ሆኖ ቆሟል፤ ረጅም እጀታ ያለው፣ ያለ ቀለም ወረቀቱን እየጨመቀ ጽሑፍ የሚያወጣ የብረት ደረቅ ማህተም።

“ሁሉም ደም ሲለብስ ይሄ ለብቻው ገላውን ታጥቧል” አለች ሳጅኗ። ቀልደኛ ናት፤ ሬሳ ፊት ደግሞ ይብስባታል።

ኢንስፔክተሩ ጓንት አጥልቆ አነሳው። ከባድ ነው። እጀታው የሚታጠፍበት ቦታ ውስጥ ውሃ ያልደረሰበት ደም አገኘ። ከዚያ ዞሮ ካቢኔቱን አየ፤ በደረት ቁመት ላይ ብረቱ ጎድጉዷል፣ ቀለሙም ተልጧል። ገዳዩ አንዱን ምት ስቶታል።

“በዚህ ነው የገደላት” አለ። “ገድሎ አጠበው፤ አጥቦ ወደ ቦታው መለሰው። ለምን ይዞት አልሄደም?”

“ሥርዓት ያለው ገዳይ ነዋ።”

ዳይሬክተሩ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ያስታውካል። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ለስብሰባ ሲወጣ በሕይወት ነበረች፤ ስድስት ሰዓት ላይ ሲመለስ በሩ በሬሳዋ ተደግፎ አልከፈት አለው።

“ትምህርት ቤቱ እረፍት ላይ ነው” አለ አፉን እየጠረገ። “ተማሪ የለም። ጥበቃውም እንግዳ አልገባም ይላል።”

“የሚጠላት ሰው ነበር?”

“የሚወዳት ነበር ወይ ቢሉኝ ይቀላል። ክፉ ሆና አይደለም፤ ሕግ ነበረች። አምና አንድ ሰው ሐሰተኛ ወረቀት ላይ የኛን ማህተም አሳርፎ ተዋረድን። ከዚያ ወዲህ እኔ ሳልፈርም ማህተም እንዳይመታ ብዬ አዘዝኩ። እሷ ደግሞ ትእዛዝ ከሰማች ለወለደቻት እናቷም ፍንክች አትልም።” ትንሽ አመነታ። “ትናንት… እንዲያው ለነገሩ ነው፤ አንድ ልጅ ጮኾባት ነበር።”

ልጁን ትምህርት ቤቱ በሙሉ የሚያውቀው “ሊቁ” በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ለአንድ ስመ ጥር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አመልክቷል፤ ከዓለም ዙሪያ በአሥር ሺዎች አመልክተው ጥቂት መቶዎች የሚያልፉበት፣ ያለፈውን ግን ከመኝታ እስከ መጽሐፍ ሙሉ ወጪውን ችሎ የሚያስተምር ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው ከግድያው ሁለት ቀን በኋላ ነው። የቀረው የትምህርት ማስረጃው፣ ትራንስክሪፕቱ ነበር። ሬጅስትራሯ “ነገ ና” አለችው።

“እሱስ ምን አለ?”

“‘ከዚች ሴትዮ የሚገላግለኝ ሰው ይጥፋ!’ ብሎ ጮኸ። አነጋገር ነው መቼም” አለ ዳይሬክተሩ። “ግን ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ።”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው።

ሲወጡ ግቢው ውስጥ የተሰባበሩ ወንበሮች ተከምረዋል፤ አንድ ጎልማሳ በያጅ ተንበርክኮ እግራቸውን ይጠግናል። ሲያያቸው የፊት መከላከያውን ገልጦ ተነሳ። ፍንጣሪው ሸሚዙን ወንፊት አድርጎታል።

“ጠዋት የሰሙት ነገር አለ?” አለው ኢንስፔክተሩ።

“ይሄ መፍጫ እየጮኸ ምን ይሰማል ጌታዬ። ነፍስ ይማር። ጠንካራ ሴት ነበሩ።”

“ሸሚዝዎ አለቀ እኮ” አለች ሳጅኗ።

“እሱስ ይተካል” ብሎ ፈገግ አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የወደቀው በሒሳብ መምህሩ ላይ ነበር። የእህቱ ልጅ ከሊቁ በጥቂት ነጥብ የምታንስ ሁለተኛ ናት፤ ለዚያው ዩኒቨርሲቲ አመልክታለች። መምህሩ አንዱን ውጤቷን ከፍ እንድታደርግለት ሬጅስትራሯን ጠይቆ፣ በደብዳቤ ለዳይሬክተሩ አሳውቃበታለች። በግድያው ጠዋት ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ግድም እየሮጠ ከግቢው ወጥቷል። አሁን ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

“እጅህን ምን ነካው?”

“ብርጭቆ ተሰብሮብኝ።”

“የት?”

“ቤት።”

ሳጅኗ ፋሻውን ፈታችው። ጣቶቹ ጠቁረው አብጠዋል፤ የተቆረጠ ነገር የለም። “ይሄ ምን ዓይነት ብርጭቆ ነው መምህር? ድንጋይ ነው እንዴ?”

ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። “የታክሲ በር ነው የተዘጋብኝ” አለ በመጨረሻ። “ከአራት እስከ አምስት ተኩል ሌላ ትምህርት ቤት ለሥራ እየተፈተንኩ ነበር። በእግዚአብሔር፣ ለዳይሬክተሩ አትንገሩብኝ። እዚያ ካልተቀበሉኝ ከሁለት ያጣ እሆናለሁ።”

የፈተኑት ሦስት ሰዎች እውነት ነው አሉ። በሥራ ፈተናው መውደቁንም ጨምረው ተናገሩ፤ ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

በዚያው ምሽት ሁለት ፖሊሶች የሊቁን ቦርሳ በረበሩ። ከፊዚክስ መጽሐፉ መሀል ትራንስክሪፕቱ ወጣ፤ ተፈርሞበታል፣ ደረቅ ማህተምም ተመትቶበታል።

ኢንስፔክተሩ ጣቢያ ሲደርስ ልጁ ወንበር ላይ ታስሮ፣ ከንፈሩ ተተርትሮ፣ አንድ ዓይኑ ሊከደን ምንም አልቀረውም።

“ማነው የመታው?”

የአንደኛው ፖሊስ የጣት አንጓዎች ቀልተዋል። ኢንስፔክተሩ ኮሌታውን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጋጨው። “በኔ ጉዳይ ላይ ልጅ ትመታለህ? አንተን ራስህን ነው የማስርህ!” ሳጅኗ ሁለት እጁን ይዛ አስለቀቀችው። ኢንስፔክተሩ በራሱ አፈረ፤ ስለ ድብደባ በድብደባ መናገሩ ገባው።

“ወረቀቱን ማን ሰጠህ?” አለው ልጁን ቀስ ብሎ።

“እሷ።”

“መቼ?”

“ትናንት።”

“ትናንት ‘ነገ ና’ ብላህ አልነበር?”

ልጁ ከንፈሩን ላሰ። ከዚያ በኋላ ቢለው ቢሠራው አልተነፈሰም።

ኢንስፔክተሩ ቢሮው ገብቶ ትራንስክሪፕቱን ከሬጅስትራሯ ፋይል ከወጡ ሌሎች ወረቀቶች ጎን ዘረጋው። ማህተሙ ለምን ታጠበ የሚለው ጥያቄ አልለቀው ብሎ ነበር፤ አሁን መልሱ መጣለት። “ሊደብቀው አይደለም ያጠበው” አለ። “ሊጠቀምበት ነው።”

ሳጅኗ መብራቱን በጎን ያዘችለት። ደረቅ ማህተም በጎን ብርሃን ነው የሚነበበው። በሌሎቹ ወረቀቶች ላይ ክቡ ሙሉ ነው። በሊቁ ወረቀት ላይ ግን ክቡ ታች በኩል ተቆርጧል፤ አንዲት ፊደል ግማሽ ሆናለች። ማህተሙን ራሱን አገላብጠው ሲያዩት ጥርሱ እዚያው ቦታ ላይ ተሸርፏል።

“ካቢኔቱን ሲመታ ነው የተሸረፈው” አለች ሳጅኗ። “ስለዚህ ይሄ ማህተም የተመታው ከተደበደበች በኋላ ነው። ሴትዮዋ መሬት ወድቃ እሱ ማህተም ይመታል! አለቃ፣ ልጁ አለቀለት።”

“ይመስላል።”

“ምን ይመስላል አለው፤ ነው እንጂ!”

“የት እንደመታው እይ።”

ሬጅስትራሯ ሁልጊዜ ፊርማዋ ላይ ነው የምትመታው። ይሄኛው ግማሹ ፎቶግራፉ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ አርፏል። ሳጅኗ ሳቅ አለች። “ልክ እንደ እናቴ መታወቂያ።”

ኢንስፔክተሩ አልሳቀም።

በማግስቱ ሳጅኗ የልጁን ደብተር ይዛ መጣች። “ይሄ ልጅ ጤነኛ ነው? የግድያው ዕለት ‘ቃለ መጠይቅ፣ አራት ተኩል፣ ቤተ መጻሕፍት’ ብሎ ጽፏል። ሄጄ ጠየቅሁ። ከአራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ስድስት ሩብ ጉዳይ መስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በኮምፒውተር ሲያወራ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ዓይኗን አልነቀለችበትም። ያነጋገረው የዚያ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው፤ ጽፌለት መልሷል። ‘ካነጋገርኳቸው ሁሉ የሚበልጥ ልጅ’ ይለዋል።”

ማመልከቻው ሊዘጋ የቀረው አንድ ቀን ነው፤ ልጁ በአንዲት ቃል ከእስር ሊወጣ ሲችል ቃሏን ውጦ ተቀምጧል።

“ጥፋቱን የሚደብቅ ሰው ስናይ ኖረናል” አለ ኢንስፔክተሩ። “ንጹህነቱን የሚደብቅ ሰው ግን ሌላ ሰው ሸፍኖ ነው።”

የጣቢያው በረንዳ አግዳሚ ላይ አንድ ሰው ዳቦና ሙዝ በፌስታል ይዞ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሩን ሲያይ ብድግ አለ። የትምህርት ቤቱ በያጅ ነው።

“እርስዎ ነዎት አባቱ?”

“እኔ ነኝ ጌታዬ። ትናንት ሥራ ላይ ስለነበሩ አላስቸገርኩዎትም። ልጄ የጎደለው ወረቀት ካለ ብዬ ሁሉንም አምጥቻለሁ።” ብብቱ ስር የያዘውን የላስቲክ ማህደር ከፈተ። የልደት ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት መታወቂያ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያለ ሰርተፊኬት። እያንዳንዱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። “ይኸው፣ ሁሉም ማህተም አለው።”

መታወቂያው ላይ ማህተሙ ግማሹ ፎቶግራፉ ላይ አርፏል። ኢንስፔክተሩ ሰውየውን ወዶት ነበርና ያየውን እንዳላየ ሊሆን ፈለገ።

ይሄን እያሰበ ሳለ ልጁን ወደ ሐኪም ሊወስዱት በበረንዳው አወጡት። ከበሩ በኩል የሟች ወንድም እየጮኸ ገባ፤ እጁ ላይ የውሃ ቧንቧ ብረት ይዟል። ጥበቃውን ገፍትሮ ጣለው። የመጀመሪያው ምት ልጁ ትከሻ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር ጓ ሲል በረንዳው ላይ ያለ ሁሉ ሰማው። ሁለተኛውን ራሱ ላይ ሊያሳርፍ ሲያነሳ አባትየው ዘሎ አንገቱን ያዘው።

ያ “ጌታዬ” የሚል፣ ከወንበር የሚነሳ ሰው ወዴት እንደሄደ እንጃ። ብረቱን ቀምቶ መታው። ሰውየው ወድቆ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ እጁን መታው። ሰውየው በጉልበቱ እየዳኸ ሸሸ፤ ተከትሎ ጀርባውን መታው። ሳጅኗና ኢንስፔክተሩ በሁለት በኩል ተጠምጥመው ባያወርዱት ይጨርሰው ነበር።

“በቃ! በቃዎት!” አለ ኢንስፔክተሩ ጆሮው ላይ።

በያጁ ብረቱን ለቀቀ። መሬት ላይ የሚቃትተውን ሰው አየ፣ የተሰበሩትን ጣቶች አየ፣ ከዚያ ኢንስፔክተሩን አየ። ኢንስፔክተሩም ጣቶቹን ሲያይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱን የፍሳሽ ጉድጓድ አስፈተሸ። ወደ አመሻሹ ላይ የሚፈልገው ነገር ወጣ።

“ሽርጥዎ የታለ?” አለው፣ በያጁን ከፊቱ አስቀምጦ።

በያጁ ደረቱን በመዳፉ ዳሰሰ።

“በያጅ ያለ ቆዳ ሽርጥ አይሠራም። ያን ዕለት ሸሚዝዎ ሲቃጠል አይቻለሁ፤ ሳይገባኝ ቀረ። ጥበቃውም እንግዳ አልገባም ያለው እውነቱን ነው፤ እርስዎ እንግዳ አይደሉማ። ሽርጡን አሁን ከጉድጓድ አወጣነው። ደሟ አለበት።”

“ልጄን ይለቁታል?”

“ይለቀቃል።”

“እንግዲያው ይጻፉ” አለ በያጁ። ሳጅኗ እስክሪብቶ አነሳች።

“ልጄን ‘አንተ ለቃለ መጠይቅህ ተዘጋጅ፣ ወረቀቱን እኔ አመጣልሃለሁ’ ብዬው ነበር። ገባሁ። ሴትዮዋ ወረቀቱን ከኮምፒውተር አውጥታ፣ ፈርማ ሰጠችኝ። ‘ማህተሙስ?’ አልኳት። ‘አያስፈልገውም’ አለችኝ።” ቀና አለ። “ጌታዬ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ‘ማህተም የለውም’ እየተባልኩ የተመለስኩ ሰው ነኝ። የሚስቴን የሕክምና ወረቀት ‘ማህተም ጎድሎታል’ ብለው መልሰውኝ፣ አስመትቼ ስመጣ ተገንዛ ጠበቀችኝ። ማህተም አያስፈልግም ያለኝ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። አሾፈችብኝ አልኩ።”

“ከዚያስ?”

“ለመንኳት። ሳቀች። ‘አባባ፣ እነሱ ዘንድ በኮምፒውተር ነው፤ ልኬዋለሁ፣ አያስቡ’ አለችኝ። ልኬዋለሁ! ስንቱ ቢሮ ነው ‘ልከነዋል’ ያለኝ? አንዱም ደርሶ አያውቅም። እኔው ልምታው ብዬ ማህተሙን አነሳሁ። ያዘችው። ‘ሌባ!’ ብላ ጮኸች። ዝም እንድትል መታኋት። ዝም አላለችም።”

“ስትድህስ?”

“ዝም አላለችም” አለ ደግሞ። ድምፁ ከፍ አላለም፣ ዝቅም አላለም። “ሲያበቃ ወረቀቱ እንዳይበላሽ ማህተሙን አጠብኩት። መታሁ። መለስኩት።”

የሳጅኗ እስክሪብቶ ቆሟል። ቀልድ አልመጣላትም።

ኢንስፔክተሩ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ፤ ዳይሬክተሩ የሟችን ኮምፒውተር ከፍቶ ያተመለት ነው። ባያሳየው ይሻል ነበር፤ ኋላ ላይ በዚህ ራሱን ወቅሷል። ግን ሴትዮዋን ‘አሾፈች’ ከሚለው የሐሰት ስም ሊያነጻት ፈለገ።

“አላሾፈችብዎትም። ትራንስክሪፕቱን ለዩኒቨርሲቲው ልካዋለች። ከአራት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ እርስዎ ከመግባትዎ በፊት። እነሱም ደርሶናል ብለዋል። እውነትም ማህተም አይጠይቁም።”

በያጁ ወረቀቱን ተቀበለው። እንግሊዝኛውን አያነበውም። ገለበጠው። አውራ ጣቱን ከላይ እስከ ታች፣ በአራቱም ማዕዘን አስኬደ።

“ማህተሙ የታለ?” አለ።

ሳጅኗ ‘ደርሶናል’ የሚለውን መስመር በጣቷ አሳየችው። በያጁ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፍቶ አስቀመጠው፤ ያመነው ያኔ ነው። “ልጄ ይሄን እንዳይሰማ” አለ። “አባቴ ለኔ ሲል ገደለ ይበል፤ እሱን ይቻለዋል። በከንቱ ገደለ እንዳይል። ይማሉልኝ።”

ኢንስፔክተሩ ማለለት።

ልጁ ክንዱ በጨርቅ ተንጠልጥሎ የሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። “አባትህ ቃላቸውን ሰጥተዋል” አለው። “አንተ ነፃ ነህ። ማመልከቻህ ነገ ይዘጋል፤ የሚቀር ነገር ካለ ሳጅኗ ቤተ መጻሕፍት ታደርስሃለች።”

“የሚቀር የለም” አለ ልጁ።

“እንዴት?”

“ትራንስክሪፕቱ ደርሶናል የሚል ኢሜይል ያን ዕለት ጠዋት ደርሶኛል። ወደ ቤተ መጻሕፍት ስሄድ፣ መንገድ ላይ።” ያልተሰበረ እጁን ጉልበቱ ላይ ጨበጠ፣ ዘረጋ። “ልደውልለት ስልኬን አውጥቼ ነበር። ሥራ ላይ አያነሳም ብዬ ተውኩት። ደግሞም ፊት ለፊት ልነግረው ፈለግሁ። ሲደሰት ላየው።”

ኢንስፔክተሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

“ምሳ ሰዓት ላይ ወረቀቱን ሰጠኝ። ‘እንግዲህ ማን ይመልስሃል’ አለኝ። እየሳቀ ነበር። ‘አባዬ፣ እኮ ደርሷል’ ልለው አፌን ስከፍት ጥፍሩ ስር ደም አየሁ።” እንባው ባበጠው ጉንጩ ላይ ወረደ። “ዝም አልኩ። አንድ ጊዜ ብደውል ኖሮ ሴትዮዋም ትኖር ነበር። እሱም። እባክዎ፣ ቀድሞ መድረሱን አይንገሩት። ይሄን ካወቀ እስር ቤቱ ሳይሆን ማወቁ ነው የሚገድለው።”

“አልነግራቸውም” አለ ኢንስፔክተሩ። ሐሰት መሆኑን እያወቀ።

አባትየውን ሊወስዱት ሲያወጡት አባትና ልጅ ኮሪደሩ ላይ ተገናኙ። ፖሊሶቹ ሊያልፉ ፈለጉ፤ ኢንስፔክተሩ እጁን አንስቶ አስቆማቸው። በያጁ በካቴና የታሰሩ እጆቹን ወደ ልጁ ፊት አነሳና፣ ያበጠውን ቦታ እንዳያሳምም አየር ላይ አቆማቸው።

“ወረቀቱ ደረሰልህ?” አለው፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው።

ልጁ አባቱን ዓይን ዓይኑን እያየ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። “ደረሰ አባዬ። ማህተሙን አይተው ወዲያው ተቀበሉት።”

“አላልኩህም?” አለ አባትየው።